ልጅ ለእናቷ ምጥ ስታስተምር፦ ሳይወልዱ የወላጆች ስብሰባ ስለሚገቡት

ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። አላገባሁም፣ ልጅም የለኝም። ስልኬ ላይ ግን ሦስት የወላጆች ግሩፖች አሉ። አንዱ እዚህ ቂርያት ማላኺ ክታ ዛይን የሚማረው የታናሽ ወንድሜ ክፍል ነው። ሁለተኛው ያቭኔ ያለችው የታላቅ እህቴ ልጅ የጋን ግሩፕ ነው፤ እህቴ በፈረቃ ስለምትሠራ «አንቺም ግቢበት፣ አንዳንዴ ያመልጠኛል» ብላ አስገባችኝ። ሦስተኛው የገደራ ነው። እዚያ ለሁለት ዓመት ከሰዓት በኋላ የቤት ሥራ የማሠራቸው ልጆች ነበሩ። ሥራው ካለቀ ቆይቷል፤ ከግሩፑ ግን አልወጣሁም። ማንም ውጪ አላለኝም፣ እኔም መውጣቱ ከበደኝ።

ጠዋት ጠዋት ስልኩ ይንጫጫል። ነገ ነጭ ሸሚዝ፣ ለቱ ቢሽቫት የደረቀ ፍራፍሬ፣ ለመምህርቷ ስጦታ ሃያ ሼቄል። እኔም አውራ ጣት እልካለሁ፣ አንዳንዴም ከኪሴ እከፍላለሁ። ጓደኞቼ «ሳትወልጂ እማማ ሆንሽ እኮ!» እያሉ ይስቁብኛል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ባለፈው ሴሚስተር ግን ስለ ቤተሰብ በምንማርበት ኮርስ ላይ ስላይዱ «የሌድ ሆሪ» የሚል ቃል ይዞ መጣ። ወላጅ የሆነ ልጅ ማለት ነው። ከሥሩ ምሳሌ ነበረው፦ ከኢትዮጵያ የመጣ ቤተሰብ፣ ታላቅ እህት፣ አሴፋት ሆሪም። ክፍሉ ውስጥ የነበርኩት ሐበሻ እኔ ብቻ ነኝ። ማንም ዞሮ አላየኝም፤ እኔ ግን ሁሉም የሚያየኝ መሰለኝ።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ስላይድ የምሰጠው መልስ ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፦ ልጅ የሌለን ሰዎች ወላጆች መሐል ምን እንሠራለን? ብዙ ጊዜ ሦስት መልሶች ይሰጣሉ። አንዱ ቋንቋ ነው ይላል፣ ሁለተኛው ባህል፣ ሦስተኛው ጉዳት። ሦስቱም እውነት አላቸው፣ ግን ሦስቱም ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማሉ።

ቋንቋ ነው?

የመጀመሪያው መልስ ሁላችንም የምናውቀው ነው። እናት ዕብራይስጥ አታነብም፣ ልጅ ታነባለች፤ ስለዚህ ልጅ ትገባለች። የእኔ እናት በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከጎንደር ገጠር ስትመጣ ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ፊደል የምትቆጥርበት ዕድል አላገኘችም። በዕብራይስጥ ትነግዳለች፣ ትከራከራለች፣ አውቶቡስ ላይ ከሾፌር ጋር ትቀልዳለች። መጻፍና ማንበብ ላይ ግን ትቆማለች። ድሮ የትምህርት ቤቱ ወሬ በር ላይ ነበር የሚወራው፤ እናቶች ልጅ ሊወስዱ ሲመጡ ይሰሙታል። ዛሬ ያ በር ስልክ ውስጥ ገብቷል፣ በሩም በጽሑፍ ነው የሚከፈተው። በአፏ የምትኖር እናት በአንድ ጊዜ ደጅ ቀረች።

ይሁን እንጂ ቋንቋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ከእኛ እናቶች ጋር ያበቃ ነበር። እህቴ እዚህ ተወልዳ፣ እዚህ ተምራ፣ በዕብራይስጥ የምታልም ሰው ናት። ሆኖም የጋን መምህርት ረጅም መልእክት ስትልክ መጀመሪያ ለእኔ ታስተላልፍና «ይሄ ምን ማለቷ ነው?» ትላለች። ቃሉ አይደለም የጠፋት። የጠፋት ከቃሉ ጀርባ ያለው ነው፦ «ልጅሽ ትንሽ ትቸኩላለች» ሲባል ምስጋና ነው፣ ወቀሳ ነው፣ ወይስ የምርመራ ቀጠሮ መጀመሪያ? ይህንን ቋንቋ ቤታችን ውስጥ ማንም አላስተማረንም። እኔም ያገኘሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የትምህርት ሥርዓቱን ከውስጥ ሳየው ነው። ስለዚህ እህቴ የምትጠራኝ እንደ አስተርጓሚ ሳይሆን ቤቱን አንድ ጊዜ ገብቶ እንዳየ ሰው ነው።

ሌላም ነገር አለ። ማርጆሪ ኦሬላና የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ2009 ባሳተመችው መጽሐፍ ለወላጆቻቸው የሚያስተረጉሙ የስደተኛ ልጆችን ሥራ «ሥራ» ብላ ጠራችው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ይለውጣል። እርዳታ ከሆነ ተጠያቂው ቤተሰብ ነው፤ ሥራ ከሆነ ግን ማን መሥራት ነበረበት፣ ማንስ ሳይከፍል ቀረ ብለን እንጠይቃለን። የእስራኤል ጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው ሰርኩላር የጤና ተቋማት ዕብራይስጥ ለማይችል ታካሚ በቋንቋው የሚረዳበትን መንገድ እንዲያመቻቹ አዟል፣ አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ነው። ትምህርት ቤቶችም ቢሆኑ ሜጋሼሪም፣ ማለትም በቤተሰብና በትምህርት ቤት መሐል የሚያገናኙ የማኅበረሰባችን ሠራተኞች አሏቸው። ነገር ግን ማታ ለሚመጣው መልእክት ሜጋሼሬት አትጠራም። ለዚያ እኔ አለሁ፣ አንቺም አለሽ፣ አንተም አለህ። እኛ ስላለን ጉድለቱ አይታይም።

ባህላችን ነው?

ሁለተኛው መልስ በተለይ በእኛ በኩል ይወደዳል። «እኛ ዘንድ ልጅ የሁሉም ነው» እንላለን። እውነት ነው፣ አለን የምንለው ነገር አለን። ቤተ እስራኤል ዘመድ እስከ ሰባት ቤት ስለሚቆጥር፣ ለጋብቻ የተከለከለው ሰው ሁሉ ለልጅ ደግሞ ዘመድ ነው። ሴት ልጅ ራሷ ገና ልጅ ሳለች ታናሿን በአንቀልባ ታዝላለች። አያት ዘንድ ያደገ፣ አጎት ዘንድ ያደገ ልጅ ብርቅ አይደለም። አማርኛችን ራሱ ይህን ያውቃል፦ «ወላጅ» የወለደ ነው፣ «አሳዳጊ» ያሳደገ ነው፤ ሁለቱ አንድ ሰው መሆን የለባቸውም። ዕብራይስጥ «ሆሬ» ሲል ቃሉ የመጣው ከእርግዝና ሥር ነው፤ ከእሱ ውጭ ያለው ሁሉ «አፖትሮፖስ» ይሆናል፣ ሕግና ፊርማ ይሸታል። እኛ ግን ልጅ ሲባልግ «አሳዳጊ የበደለው» ነው የምንለው፤ ወላጅ የበደለው አንልም። ኃላፊነቱን የጫንነው ባሳደገው ላይ ነው።

ጥቁር አሜሪካውያን ዘንድም ተመሳሳይ ነገር ተጽፏል። ካሮል ስታክ በ1974፣ ፓትሪሺያ ሂል ኮሊንስ ደግሞ በ1990 ባወጡት መጽሐፍ ልጅ በአንዲት እናት ብቻ እንደማያድግ፣ አክስት፣ አያት፣ ጎረቤት፣ ያልወለደች ሴት ሳትቀር «ሌላ እናት» እንደምትሆን አሳይተዋል። ኮሊንስ አንድ እርምጃ ትጨምራለች፦ እነዚህ ሴቶች ከአንድ ልጅ አልፈው ለመንደሩ ልጆች ሁሉ ይቆረቆራሉ፣ ከዚያም መሪ ይሆናሉ። ገደራ ውስጥ ይህን አይቼዋለሁ። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እዚያ የተጀመረው የ«ሐቬሪም በቴቫ» እንቅስቃሴ፣ ከጻቫና ከዩኒቨርሲቲ በኋላ ወጣቶቻችን ከሰፈር ሸሽተው እንዳይሄዱ፣ ይልቁንም እዚያው ኖረው ከልጆችና ከቤተሰቦች ጋር እንዲሠሩ የሚል ሐሳብ ይዞ ተነሳ። የራስ ልጅ ሳይኖር የሰፈር ልጅ ማሳደግ ማለት ይኸው ነው።

ታዲያ «ባህላችን ነው» ብለን እንዝጋው? እኔ እዚህ ላይ እቆማለሁ። ምክንያቱም ሁለት ነገር ተደባልቋል። ጎንደር ገጠር ውስጥ ታናሿን ያዘለችው ልጅ እናቷን አልተካችም። እናት ማሳው ላይ ነበረች፤ ልጇ የምትሠራውን ሥራ ከእሷ በላይ ታውቀዋለች፣ ካጠፋች ትቆጣታለች። ልጅ የእናትን እጅ አስረዘመች እንጂ የእናትን ዓይን አልጋረደችም። እዚህ ግን እኔ የምሠራውን እናቴ አታየውም። ልትቆጣጠረው አትችልም። ቅርጹ አንድ ነው፣ ሥልጣኑ ግን ተገልብጧል።

በመሐል ደግሞ መንገዱ አለ። በ1984 በሱዳን በኩል ከወጡት መሐል እናትና አባታቸውን መንገድ ላይ ወይም መጠለያ ውስጥ ቀብረው፣ ታናናሾቻቸውን ይዘው የደረሱ ነበሩ። በዚያ ጉዞ ወደ 4,000 የሚጠጋ ወገን አልቋል። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አባት የሆነው በባህል ሳይሆን በሞት ነው። ከደረሱም በኋላ በ1980ዎቹና በ90ዎቹ አብዛኛው ወጣት ወደ ፕኒሚያ ተላከ፤ ወላጆች ደግሞ በየመርካዝ ክሊታው ቀሩ። ልጁ ወደ ቤት ሲመጣ ዕብራይስጥ የሚችል፣ ሕጉን የሚያውቅ፣ የሚፈርም እሱ ሆነ። አባት ስልጣኑን ያጣው አንድ ቀን በጠብ አልነበረም፤ ልጁ በመጣ ቁጥር፣ ቀስ በቀስ ነው። ስለዚህ «ጥንትም እንዲህ ነበርን» ስንል እነዚህን ዓመታት ዘለን ነው።

በሽታ ነው?

ሦስተኛው መልስ የስላይዱ ነው። «የሌድ ሆሪ» የተባለው ሐሳብ የመጣው በቤተሰብ ሕክምና ከሚታወቀው ከሳልቫዶር ሚኑቺን ነው። ሚኑቺን አርጀንቲና ተወልዶ በ1948 እዚህ መጥቶ በጦሩ ውስጥ ሐኪም ነበር፤ በ1950ዎቹም ተመልሶ በዐሊያት ሀኖዓር ሥር ባሉ የልጆች ተቋማት ሠርቷል። በኋላ የእኛን ወጣቶች በፕኒሚያ የተቀበለውም ይኸው ዐሊያት ሀኖዓር ነው። ነገሩ ይገርማል፦ በልጅ ትከሻ ላይ ስለሚወድቅ ወላጅነት የጻፈው ሰው፣ በኋላ ልጆቻችንን ከወላጆቻቸው ባራቀው ቤት ውስጥ ሠርቶ ነበር።

ስላይዱ ላይ ያልነበረው ግን ይህ ነው። ሚኑቺን በ1974 መጽሐፉ ላይ ወላጅ የሆነ ልጅ ሁልጊዜ ጉዳት ነው አላለም። ልጅ ሲበዛ፣ ወላጅ ብቻውን ሲሆን ወይም ሁለቱም ሲሠሩ ይህ ተፈጥሯዊ አደረጃጀት ነው፣ ልጁንም ኃላፊነት ያስተምረዋል ይላል። ችግር የሚሆነው ስልጣኑ በግልጽ ሳይሰጥ ሲቀር፣ ወይም ወላጅ ቦታውን ለቆ ልጁ ከዓቅሙ በላይ ሲሸከም ነው። ማለትም ጥያቄው «ልጅ የወላጅ ሥራ ትሠራለች ወይ?» አይደለም። ጥያቄው «ማን ሰጣት? ምን ያህል ሰጣት? መልሶ የሚወስደውስ ማን ነው?» ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ስላይድ ላይ ወደ ሁለት ቃልና ወደ አንድ የሐበሻ ምሳሌ ሲጠብብ፣ ሐሳቡ መመርመሪያ መሆኑ ቀርቶ ስም መለጠፊያ ይሆናል።

ኢቫን ቦስዞርመኒ ናጅና ጄራልዲን ስፓርክ ደግሞ በ1973 ስለማይታይ ታማኝነት ሲጽፉ ቤተሰብን እንደ ሒሳብ መዝገብ አዩት፦ ማን ሰጠ፣ ማን ተቀበለ፣ ማንስ ምስጋና ሳያገኝ ቀረ። የሰጠ ሰው ሰጠህ ካልተባለ ውስጡ ይቆጣል ይላሉ። ይህን ሳነብ ስለ ራሴ ብቻ ነበር ያሰብኩት፤ «ስንት ዓመት ሠራሁ፣ ማን አመሰገነኝ?» አልኩ። እናቴም መዝገብ እንዳላት ለማወቅ አንድ ቅዳሜ ማታ አስፈለገኝ።

የሀቅባጻው ነገር

ትምህርት ቤቱ ቅጽ ላይ «የእናት ስልክ» የሚለው ቦታ የተሞላው በእኔ ቁጥር ነው። ማን እንደሞላው ታውቃላችሁ። እኔ ነኝ። ባለፈው ክረምት፣ ከሐኑካ በፊት፣ የወንድሜ ሜሐኔኼት መልእክት ላከች። በሒሳብ ወደ ዝቅተኛው ሀቅባጻ ሊያዛውሩት እንዳሰቡ፣ አስተያየት ካለን ማክሰኞ እንድንመጣ ይላል። ፈተና ላይ ነበርኩ። «በሴዴር፣ ቶዳ» ብዬ መለስኩ። ለእናቴ ደግሞ «የሒሳብ ቡድን ቀየሩለት፣ ይሻለዋል» አልኳት። ዝቅ ያለ መሆኑን አልነገርኳትም። እንዳትጨነቅ ብዬ ነው ብዬ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ለማስረዳት ጊዜ ማጥፋት ስላልፈለግሁ ነው።

ከእናንተ ሀቅባጻን የማያውቅ የለም። ሰባተኛ ክፍል ላይ የተቆረጠ ቡድን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ የባግሩት ነጥብ ይሆናል፤ የባግሩት ነጥብ ደግሞ የትኛው ፋኩልቲ በር እንደሚከፈትልህ ይወስናል። እኔ ይህን እያወቅሁ ነው በሴዴር ያልኩት።

ከሦስት ወር በኋላ ቅዳሜ ማታ እራት ላይ ወንድሜ ራሱ አወጣው። ስለ ፈተና ሲወራ እየሳቀ «እኔ እኮ የደነዞቹ ክፍል ውስጥ ነኝ» አለ። እናቴ እሱን አላየችውም፣ እኔን አየችኝ። «አንቺ ታውቂ ነበር?» አለችኝ። ዝም አልኩ። እሷም ድምጿን ሳትጨምር፣ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ልጄን አልሳትኩም» አለች።

ከዚያ የነገረችን ነገር ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። ወንድሜ አያታችን ከሞቱ ጀምሮ ሌሊት አይተኛም ነበር። አብረው አንድ ክፍል ነበር የሚያድሩት። እናቴ ለጽዳት ሥራ ጎህ ሳይቀድ ስትነሳ ነቅቶ ታገኘዋለች፤ ሻይ አፍልታለት ትወጣለች። ውጤቱ የወረደውም ከዚያ ወዲህ ነው። ይህን እኔ አላውቅም፣ ሜሐኔኼቷም አታውቅም። እናቴ ግን ታውቀው ነበር፣ ማንም ስላልጠየቃት አልተናገረችም። ሊጠይቃት ይገባ የነበረው ሰው እኔ ነኝ፤ ስልኩ እኔ ጋ ነበርና።

ስለ «የሌድ ሆሪ» ባነበብኩት ውስጥ ይህን ነጥብ ጎልቶ አላየሁትም። ጽሑፎቹ ልጅቷ ምን እንደተሸከመች፣ ልጅነቷ እንዴት እንዳለፈባት ይጠይቃሉ፤ ትክክል ነው። ነገር ግን ወላጅዋ ምን እንዳጣች፣ ትምህርት ቤቱም ምን እንዳጣ መጠየቅ አለበት። እኛ አማላጆች የትምህርት ቤቱን ቃል ወደ ቤት እናስገባለን። የቤቱን ዕውቀት ግን ወደ ትምህርት ቤት አናወጣም። መንገዱ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያለው ይሆናል። ውሎ አድሮም ትምህርት ቤቱ እነዚህ እናቶች የሚያውቁት ነገር የላቸውም ብሎ ያስባል፤ ምክንያቱም ሲናገሩ ሰምቷቸው አያውቅም። ለዚያ ዝምታ እኛም ድርሻ አለን።

ታናሽ የሌላቸውስ?

እስካሁን ያልኩት ለወንድምና ለእህት ስለሚገቡ ነው። ገደራ ውስጥ የቆየሁበትን ግሩፕ ግን በዚህ ማስረዳት አልችልም። እዚያ የሚያስተሳስረኝ ልጅ የለም። እንደኔ ያሉ ሌሎችም አሉ፦ መምሪያ የነበሩ፣ አክስቶች፣ ሠላሳ አልፏቸው ያላገቡ ሴቶች፣ ሰፈሩን ለቀው ወደ ማዕከል የሄዱ ግን ግሩፑን ያልለቀቁ። ለምን?

አንደኛው ምክንያት መናገሪያ ቦታ ፍለጋ ነው። በዚህ አገር «እንደ እናት እናገራለሁ» የሚል ሰው ይደመጣል። በ1997 ሁለት ሄሊኮፕተሮች ተጋጭተው 73 ወታደሮች ከሞቱ በኋላ የተነሳው «አርባ ኢማሆት» ንቅናቄ ከሊባኖስ እንውጣ ሲል የተደመጠው በእናትነቱ ነው፤ ጦሩ በግንቦት 2000 ወጣ። እኛም ዘንድ፣ ሰለሞን ተካ በሰኔ 30 ቀን 2019 በቂርያት ሐይም በፖሊስ ጥይት ከተገደለ ወዲህ ባሉት ዓመታት፣ «ኢማሆት ዓል ሀሚሽማር» የተባሉት እናቶቻችን ልጆቻችንን በፍርሃት አናሳድግም ብለው አደባባይ ሲወጡ ሰው አስቁመው አስደምጠዋል። እዚሁ ቂርያት ማላኺ በጥር 2012 የአንዳንድ ሕንፃ ባለቤቶች ለኢትዮጵያ ተወላጅ ቤት ላለመሸጥና ላለማከራየት ተስማሙ የሚለው ዜና ሲወጣ ግን አደባባዩን ከሞሉት መሐል ብዙዎቹ ገና ያልወለዱ ወጣቶች ነበሩ። ጉዳዩ የእነሱም ነው። ወንድም ሲመታ እህት ታለቅሳለች። ይሁንና «እንደ እህት እናገራለሁ» የሚለው ቃል በዚህ አገር በር አይከፍትም። ስለዚህ የሰፈር ልጆች ነገር የሚወሰንበት ክፍል ውስጥ መቀመጥ የፈለገ ሰው ወላጆች መሐል ይቀመጣል።

ሁለተኛው ምክንያት ለመናገር ይከብዳል፣ ግን ልዝለለው አልፈልግም። እስራኤል ባደጉት አገሮች መሐል ከፍተኛው የወሊድ መጠን ያላት አገር ናት፤ በአማካይ አንዲት ሴት ወደ ሦስት ልጅ ትወልዳለች። መንግሥትም እስከ ሁለት ልጅ ድረስ ከሰውነት ውጭ ለሚደረግ ፅንስ ሕክምና ይከፍላል። እንዲህ ባለ አገር ልጅ የሌላት ሴት ሰርግ ላይ፣ ተዝካር ላይ፣ ስግድ ላይ ሳይቀር «አንቺስ መቼ ነው?» ትባላለች። ለአንዳንዷ የእህቷ ልጅ ጋን ግሩፕ ጥያቄ የሌለበት ቦታ ነው። እዚያ ፍራፍሬ ማን ያመጣል ነው የሚባለው፣ እሷም «እኔ» ትላለች። ይህን ሳይ መሳቅ ትቻለሁ። ምኞት ሊሆን ይችላል፣ ሐዘን ሊሆን ይችላል፣ ወይም ልጅ መውለድ ሳትፈልግ ልጆችን መውደድ ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት።

ሦስተኛው ልምምድ ነው። እናቶቻችን ልጅ ማሳደግ ያውቃሉ፤ ከእነሱ የምንማረው ብዙ ነው። ሀቅባጻ፣ የምርመራ ቀጠሮ፣ የቫዓድ ሆሪም ስብሰባ ግን ከእነሱ አልወረስንም። ስለዚህ ተራችን ሳይደርስ አስቀድመን ገብተን እናያለን። ያልወለደው ሰው የሚያነበው ነገ እሱ ላይ የሚመጣውን ነው።

እነዚህ ሦስቱ በሽታ አይደሉም። ነገር ግን አንድ አደጋ አላቸው። ከወላጆቹ በተሻለ ዕብራይስጥ የሚጽፍ፣ ነጻ ጊዜ ያለው፣ ልጅ የማያስነሳው ሰው ግሩፕ ውስጥ ሲገባ ቶሎ ድምጹ ይጎላል። ገደራ ውስጥ አንድ ጊዜ ስለ ከሰዓት በኋላ ፕሮግራም ረጅም መልእክት ጽፌ ሁሉም «ኮል ሀካቮድ» አለኝ። ከእናቶቹ አንዲቷ ግን በኋላ መንገድ ላይ አግኝታኝ፣ «ጥሩ ብለሻል ልጄ። እኛ ግን ያልነው እሱን አልነበረም» አለችኝ። ሳቅ ብላ ነው ያለችው። እኔ ግን እስካሁን ያሳፍረኛል።

ታዲያ እንውጣ?

አይመስለኝም። ብንወጣ መልእክቱ ሳይነበብ ይቀራል፣ ሜጋሼሬትም በማግስቱ አትመጣም። ነገር ግን አገባባችንን መለወጥ እንችላለን። ለራሴ ያወጣሁት ደንብ ይህ ነው፤ የሚጠቅማችሁን ውሰዱ።

በእናት ስም አልጽፍም። «የእሱ እህት ነኝ፣ እናቴን ጠይቄ እመልሳለሁ» ብዬ እጽፋለሁ። ሁለት ሰዓት ያዘገያል፣ ግን ማን እንደሚናገር ይታወቃል። ሚኑቺን ስልጣን በግልጽ ይሰጥ ያለው በእኔ ቤት ትርጉሙ ይህ ነው።

ሙሉውን እናገራለሁ። ማለስለስ መዋሸት ነው። «ዝቅተኛ» ካለ ዝቅተኛ እላለሁ። እናቴ ሱዳንን አቋርጣ ባትመጣም ብዙ ነገር አቋርጣ የመጣች ሰው ናት፤ አንዲት የሒሳብ ቡድን አትገድላትም።

ሁለቱንም አቅጣጫ አስተረጉማለሁ። መልእክት በመጣ ቁጥር ጥያቄዬ «ምን ልበላቸው?» ብቻ አይደለም፤ «አንቺ ያየሽው ምንድን ነው?» ብዬም እጠይቃታለሁ።

ሥራው የማን እንደሆነ አልረሳም። ለትልቅ ነገር፣ ለቡድን ምደባ፣ ለምርመራ፣ ለቅጣት፣ ትምህርት ቤቱ በአማርኛ እንዲያስረዳ በጽሑፍ እጠይቃለሁ። እኔ ጎበዝ በሆንኩ ቁጥር ማንም ይህን እንደማይጠይቅ ገብቶኛል።

ስለ ወንድሜ የምትጠይቁኝ ካላችሁ፦ እናቴና እኔ ሄድን። ሜጋሼሬት እንድትገኝ አስቀድሜ ጻፍኩ፣ መጣች። እኔ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ ስለ አያታችን፣ ስለ ሌሊቱ፣ ስለ ሻዩ ተናገረች። ሜሐኔኼቷ መጻፍ ጀመረች፣ ከዚያ መጻፉን ትታ ሰማች። በዓመቱ መጨረሻ እንደገና ሊፈትኑት ተስማምተዋል። ያልፋል አያልፍም፣ አላውቅም፤ ሦስት ወር ጠፍቶበታል፣ ያን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ቅጹ ላይ አሁን የእናቴ ቁጥር አለ። ግሩፑ ውስጥ ገብታለች። ባለፈው ሳምንት ስለ ዓመታዊው ቲዩል ሲጻፍ የድምፅ መልእክት ላከች፣ ግማሹ አማርኛ ግማሹ ዕብራይስጥ፤ ልጆቹ ውሃ የሚያገኙበትን ቦታ ጠየቀች። ለትንሽ ጊዜ ማንም አልመለሰም። እኔ ጣቴን ስልኩ ላይ አድርጌ ልጽፍ ነበር፣ ተውኩት። ከዚያ አንዲት ሌላ እናት፣ እስከዛሬ በግሩፑ አንድም ቃል ጽፋ የማታውቅ፣ በድምፅ በአማርኛ መለሰችላት።